ሞጁሉ ተጭኗል፣ ፓይተን ግን የለም ይላል

የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነው ፒፕ «ሪኳየርመንት ኦልረዲ ሳቲስፋይድ» (ቀድሞ ተጭኗል) ይላል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ገና ከመነሻው «ኖ ሞጁል ኔምድ ሳይኮፒጂ2» (ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሞጁል የለም) ብሎ ይወድቃል። ሁለቱም አልዋሹም። ጣጣው የሚጀምረው ነገሩን በጉልበት ለማስተካከል ሲሞከር ነው፦ ማራገፍ፣ መልሶ መጫን፣ አልሆን ሲል በሱዶ (በአስተዳዳሪ መብት) መጫን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ያው ፓኬጅ በአንድ ማሽን ላይ በሦስት ቦታ ይቀመጥና በኋላ የሚመጣው ሰው የትኛው እየሠራ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

ከታች ያሉት ትእዛዞች እንደሚነበቡ ነው የተጻፉት፤ ተርሚናል ላይ የምታስገቧቸው በላቲን ፊደል ነው።

የዳታቤዝ ሞጁል ኢምፖርት አልሆን ሲል (ፕሮግራሙ ሊጠራው ሞክሮ ሲወድቅ) ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። ፓይተን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ውስጥ ሞጁሉ የለም፤ ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፋይል ቀድሞ አጋጥሞታል፤ ወይም ትክክለኛውን አግኝቶ ከሥሩ ያለው፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ላይብረሪ (የሲ ላይብረሪ) አልነሳለትም። መድኃኒታቸው ለየቅል ስለሆነ፣ ማንኛውንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት የትኛው እንደገጠማችሁ ለዩ። ለዚህ ከሁሉ የምመርጠው እነዚህን ሦስት መስመሮች ነው፦

ኢምፖርት ሲስ, ኢምፖርትሊብ.ዩቲል
ፕሪንት(ሲስ.ኤክሲኪዩተብል)
ፕሪንት(ኢምፖርትሊብ.ዩቲል.ፋይንድ_ስፔክ("ሳይኮፒጂ2"))

ፋይንድ_ስፔክ ሞጁሉን አያስነሳውም፤ ቢጠራ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ኢምፖርቱ የሚወድቅ ቢሆን እንኳ መልስ ይሰጣል። «ነን» (ምንም) ካለ ሞጁሉ በዚያ ፓይተን ዘንድ የለም። የራሳችሁን የፕሮጀክት ፎልደር ካሳየ የስም ግጭት ነው። ፒፕ የሚጭንበትን፣ ሳይት-ፓኬጅስ የሚለውን ፎልደር ካሳየና ኢምፖርቱ አሁንም ከወደቀ ችግሩ ከፓይተን በታች፣ የሲ ላይብረሪው ጋ ነው። መስመሮቹን ተርሚናል ላይ ለብቻ ከመሞከር ይልቅ በሚወድቀው ፕሮግራም አናት ላይ አስገቧቸው። ፓይተን ፋይል ሲያስነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው ፋይሉ ባለበት ፎልደር ነው፤ በ«-ሲ» (ኮዱ እዚያው ትእዛዙ ላይ ተጽፎ) ሲጠራ ግን እናንተ ባላችሁበት ፎልደር ነው፤ ሁለቱ የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። በክሮን ወይም በሲስተምዲ (ፕሮግራሞችን በራሳቸው የሚያስነሱ የሊኑክስ መሣሪያዎች) የሚነሳ ፕሮግራም ከሆነማ ተርሚናል ላይ የምታዩት መልስ ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል።

የስህተቱ ዓይነትም ራሱ ይመራል። ከፓይተን 3.6 ወዲህ «አልተገኘም» የሚለው ሞጁልኖትፋውንድኤረር ተብሎ ከኢምፖርትኤረር ተለይቷል። ግን የኢምፖርትኤረር ንዑስ ክፍል ስለሆነ ኢምፖርትኤረርን የሚይዝ ኮድ ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛል። ብዙ ፕሮግራሞች ኢምፖርቱን ስህተት በሚያዝበት በትራይ ውስጥ አስገብተው ሲወድቅ «እባክዎ ሞጁሉን ይጫኑ» የሚል የራሳቸውን መልእክት ያትማሉ። ሞጁሉ ተጭኖ የጎደለው የሲ ላይብረሪ ሲሆንም ያንኑ ነው የሚሉት። የዌብ ፍሬምወርኩ ጃንጎም በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ «ማይኤስኪውኤልክላየንትን ጭነዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ደግነቱ ጃንጎ ዋናውን ስህተት አያጠፋውም፤ «ከላይ ያለው ስህተት የሚከተለው ቀጥተኛ መንስኤ ነው» ከሚለው መስመር በላይ ይገኛል። መጨረሻ ላይ ያለውን ብቻ ቀድቶ መፈለግ ለቀናት ያንከራትታል። ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን አንብቡ።

የትኛው ፓይተን?

«ነን» ከመጣ ጥያቄው ፒፕ የጫነው ለየትኛው ፓይተን ነው የሚለው ነው። «ፒፕ --ቨርዥን» በሉ፤ የሚያትመው መስመር የፒፕን አድራሻና መጨረሻ ላይ በቅንፍ የፓይተኑን ቁጥር ይይዛል። ሲስ.ኤክሲኪዩተብል ካሳየው ጋር ካልገጠመ ነገሩ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ፒፕን ብቻውን አትጥሩት፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን ፓይተን ራሱን ጠርታችሁ «ፓይተን3 -ኤም ፒፕ ኢንስቶል ሳይኮፒጂ2-ባይነሪ» በሉት። በዚህ መንገድ የተጫነ ነገር ሌላ ቦታ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ቨርችዋል ኢንቫይሮመንትን (ቬንቭ፦ ለአንድ ፕሮጀክት የተለየ የፓይተን ፎልደር) አክቲቬት ማድረግ የሚሠራው ሥራ ከሚገመተው ያነሰ ነው። የቬንቩን ቢን ፎልደር ፓዝ በሚባለው፣ ትእዛዞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች በሚዘረዝረው ተለዋዋጭ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ዋና ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ አክቲቬት ሳታደርጉ «/ኦፕት/አፕ/ቬንቭ/ቢን/ፓይተን» ብላችሁ በሙሉ አድራሻው ብትጠሩት ያው ነው። በተቃራኒው፣ አክቲቬት ካደረጋችሁ በኋላ በሱዶ ብታስነሱት ያ ሁሉ ይጠፋል፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ሱዶ ፓዙን በራሱ ዝርዝር ይተካዋልና የሚነሳው የሲስተሙ ፓይተን ነው። ክሮን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ/ዩኤስአር/ቢን እና ከ/ቢን በቀር ሌላ አያውቅም። በክሮን መስመርም ሆነ በሲስተምዲ ኤክሴክስታርት (ፕሮግራሙን የሚያስነሳው መስመር) ላይ የቬንቩን ፓይተን ሙሉ አድራሻ ጻፉ እንጂ አክቲቬት የሚያደርግ ስክሪፕት ለመጥራት አትታገሉ።

ቬንቭን ከቦታ ቦታ ማዛወርም ሆነ ስሙን መቀየር አይቻልም። በውስጡ ያሉት ፒፕን የመሰሉ ስክሪፕቶች የመጀመሪያ መስመራቸው ላይ ቬንቩ የተፈጠረበትን ሙሉ አድራሻ ይዘዋል፤ ፎልደሩ ሲነሳ ፒፕ ወይ «ባድ ኢንተርፕሪተር» ይላል፣ ወይ ይባስ ብሎ አሮጌው ቦታ ላይ ያለ ሌላ ቬንቭ ካለ ለዚያ ይጭናል። አጥፍታችሁ ከሪኳየርመንትስ ፋይላችሁ (ከፓኬጆቹ ዝርዝር) እንደ አዲስ ፍጠሩት። የሲስተሙ ፓይተን ከ3.11 ወደ 3.12 ሲያድግም እንደዚሁ ነው፤ ፓኬጆቹ ፓይተን3.11 በሚል ፎልደር ውስጥ ስለተቀመጡ አዲሱ ዞር ብሎም አያያቸው።

በጁፒተር (ኮድ በብራውዘር በየሴሉ የሚሠራበት) ላይ ኖትቡኩ የሚሠራበት ከርነል (ኮዱን የሚያስኬደው ፓይተን) ጁፒተርን ካስነሳችሁበት ፓይተን ሊለይ ይችላል። ሴል ውስጥ «%ፒፕ ኢንስቶል» ስትሉ ለከርነሉ ፓይተን ይጭናል፤ በቃለ አጋኖ የሚጠራው («!ፒፕ») ግን ፓዙ ላይ ቀድሞ የተገኘውን ፒፕ ነው የሚጠቀም።

ከዴቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 23.04 ወዲህ ደግሞ ፒፕ በሲስተሙ ፓይተን ላይ አልጭንም ብሎ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮመንት» (በሌላ የሚተዳደር ነው) ይላል። ማለፊያው «--ብሬክ-ሲስተም-ፓኬጅስ» ነው። ስሙ ራሱ ሲስተሙን እንደሚሰብር እየነገራችሁ ለአንድ ዳታቤዝ ሞጁል ብላችሁ አትጠቀሙበት። ወይ ቬንቭ ፍጠሩ፣ ወይ «አፕት ኢንስቶል ፓይተን3-ሳይኮፒጂ2» በሉ፤ ሁለተኛው ግን ለሲስተሙ ፓይተን ብቻ እንደሚያገለግል አትርሱ፤ ተራ ቬንቭ አያየውም።

የሚጫንበት ስምና የሚጠራበት ስም

የዳታቤዝ ሞጁሎች በዚህ በኩል ከሌሎቹ ይብሳሉ። ማይኤስኪውኤልክላየንት ብላችሁ የምትጭኑት ኢምፖርት የሚደረገው ማይኤስኪውኤልዲቢ ተብሎ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ትንንሽ፣ ከፊት ያሉት ኤም፣ ኤስ፣ ኪውና ኤል ትልልቅ፣ ዋይ ደግሞ ትንሽ ነው፤ አንዱ ቢዛነፍ አይገኝም። ማይኤስኪውኤል-ኮኔክተር-ፓይተን የሚጠራው ማይኤስኪውኤል.ኮኔክተር ተብሎ ነው። ከመጨረሻው «ፓይተን» የሌለበት ማይኤስኪውኤል-ኮኔክተር የሚባል የተተወ አሮጌ ፓኬጅም አለ፤ በትክክል ይጫናል፣ ኢምፖርትም ይሆናል፣ ግን ማይኤስኪውኤል 8 በነባሪነት የሚጠቀምበትን ካሺንግ_ሻ2_ፓስወርድ የሚባል የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ስለማያውቅ ሲገናኝ ይወድቃል። ማይኤስኪውኤል-ፓይተን የሚባለው ደግሞ ለፓይተን 2 ብቻ የተሠራ ነው፤ አሮጌ መመሪያ ይህን ጫኑ ካላችሁ በቦታው ማይኤስኪውኤልክላየንትን ተኩ።

በፖስትግሬስ በኩል ሳይኮፒጂ2 እና ሳይኮፒጂ2-ባይነሪ ሁለቱም ሳይኮፒጂ2 ተብለው ይጠራሉ። ሦስተኛው ትውልድ ግን የሚጫነውም የሚጠራውም ቁጥር በሌለው ሳይኮፒጂ ነው። አዲሱን ጭኖ በአሮጌው ስም መጥራት የተለመደ ነው፣ መፍትሔውም ስሙን ማስተካከል ብቻ አይደለም፤ ኮዱ ራሱ ጥቂት ለውጥ ይፈልጋል። በኦራክል ሲኤክስ_ኦራክል በ2022 ኦራክልዲቢ ተብሏል፤ አዲሱ ያለ ኦራክል ክላየንት ላይብረሪም ስለሚሠራ መቀየሩ ያዋጣል።

የሞንጎዲቢ ሞጁል በሆነው ፓይሞንጎ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ቢሶን የሚባለው ሞጁል ከፓይሞንጎ ጋር አብሮ ይመጣል። «ኖ ሞጁል ኔምድ ቢሶን» አይቶ «ፒፕ ኢንስቶል ቢሶን» ያለ ሰው የሚጭነው በዚያው ስም የሚጠራ፣ ከፓይሞንጎ ጋር የማይስማማ ሌላ ፓኬጅ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ፋይሎች ስለሚያበላሽ ሁለቱንም አራግፋችሁ ፓይሞንጎን ብቻ መልሳችሁ ጫኑ። ኤስኪውላይት3 ደግሞ ከፓይተን 2.5 ጀምሮ ከፓይተኑ ጋር የሚመጣ ስለሆነ በፒፕ የሚጫን ነገር አይደለም። በጠቅላላው፣ የጎደለውን ስም እንዳለ ወስዶ ከፒፕ ፊት ማስቀመጥ ከጥቅሙ አደጋው ያመዝናል፤ በታወቁ ሞጁሎች ስም ላይ አንድ ፊደል ቀይረው ተንኮል ያለበት ኮድ የሚያስቀምጡ አሉ።

የራሳችሁ ፋይል ሲጋርድ

ለመለማመድ የተጻፈ ፋይል ማይኤስኪውኤል.ፓይ ይባላል፣ በውስጡም ማይኤስኪውኤል.ኮኔክተር ይጠራል። የሚመጣው ስህተት፦ «ኖ ሞጁል ኔምድ ማይኤስኪውኤል.ኮኔክተር፤ ማይኤስኪውኤል ኢዝ ኖት ኤ ፓኬጅ»። ከሴሚኮለኑ በኋላ ያለችውን ቁራጭ ስታዩ የምትጭኑት ነገር የለም፤ ፋይላችሁን ስም ቀይሩ። ሳይኮፒጂ2.ፓይ የተባለ ፋይል ደግሞ ራሱን ኢምፖርት ያደርግና «ፓርሻሊ ኢኒሺያላይዝድ ሞጁል» ኮኔክት የሚባል የለውም፣ ምናልባት ሰርኩላር ኢምፖርት ነው ይላል። ፓይተን 3.13 እንዲህ ያለውን ሲጠረጥር ፋይሉን ስም ለውጡት ብሎ በግልጽ ይመክራል፤ በቀደሙት ላይ ግን መረዳቱ የእናንተ ነው። ስሙን ስትቀይሩ __ፓይካሽ__ ፎልደሩንም አጥፉ የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ አያስፈልግም። ፓይተን 3 በዚያ ፎልደር ያለውን ፒዋይሲ (ቀድሞ የተተረጎመ) ፋይል ምንጩ ከጎኑ ከሌለ አያነበውም።

የሲ ላይብረሪው

ከሦስቱ የሚከብደው ይኸኛው ነው። ስህተቱ የኤስኦ (የሊኑክስ ላይብረሪ) ፋይል ስም ይዞ ይመጣል፦ «ሊብፒኪው.ኤስኦ.5፦ ካኖት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል»። ሳይኮፒጂ2 ከፖስትግሬስ ጋር የሚነጋገረው ራሱ አይደለም፤ ሊብፒኪው በሚባለው የሲ ላይብረሪ በኩል ነው። ኢምፖርት ሲደረግ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያንን ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ኢምፖርቱ ይወድቃል፣ የፓይተን ፓኬጁን አንድ ሺህ ጊዜ ብትጭኑት።

እዚህ ላይ ለመገንባት የሚያስፈልገውና ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሳይኮፒጂ2ን ከሶርስ (ከምንጭ ኮዱ) ለመገንባት በዴቢያንና በኡቡንቱ ቢልድ-ኢሴንሺያል፣ ፓይተን3-ዴቭ እና ሊብፒኪው-ዴቭ ያስፈልጋሉ። «ፒጂ_ኮንፊግ ኤክሲኪዩተብል ኖት ፋውንድ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ሦስተኛው ሲጎድል ነው። ተገንብቶ ካለቀ በኋላ ለመሥራት የሚፈልገው ግን ሊብፒኪው5ን ብቻ ነው። በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የሚያሽግ መሣሪያ) ላይ በሁለት እርከን የሚገነባ ኢሜጅ የሚወድቀው በዚህ ልዩነት ነው፦ የመጀመሪያው እርከን ሊብፒኪው-ዴቭ ስላለው በሰላም ይገነባል፣ ቬንቩ አድራሻው ሳይቀየር ወደ ሁለተኛው ቀጭን ኢሜጅ ይገለበጣል፣ እዚያ ሊብፒኪው5 ስለሌለ ኮንቴነሩ እንደተነሳ ይሞታል። መፍትሔው በሁለተኛው እርከን «አፕት-ጌት ኢንስቶል ሊብፒኪው5» መጨመር ነው፤ ኮምፓይለሩን ሁሉ እዚያ መጎተት አያስፈልግም። ማይኤስኪውኤልክላየንትም እንዲሁ ነው፦ ለመገንባት ዲፎልት-ሊብማይኤስኪውኤልክላየንት-ዴቭና ከስሪት 2.2 ጀምሮ ፒኬጂ-ኮንፊግ፣ ለመሥራት በዴቢያን ሊብማሪያዲቢ3። ከሶርስ የተገነባ ፓይኦዲቢሲ (ከኤስኪውኤል ሰርቨርና ከመሳሰሉት ጋር የሚያገናኝ ሞጁል) ሊብኦዲቢሲ.ኤስኦ.2 ካላገኘ ዩኒክስኦዲቢሲን ጫኑ።

የጎደለው የትኛው እንደሆነ ካልተገለጠ «ፓይተን -ኤም ፒፕ ሾው -ኤፍ ሳይኮፒጂ2» በሉ። ሎኬሽን ከሚለው ሥር የፋይሎቹ ዝርዝር ይወጣል፤ በኤስኦ የሚጨርሰውን ያዙና «ኤልዲዲ» ከፊቱ አድርጋችሁ ጥሩት። ከሚዘረዘሩት መካከል «ኖት ፋውንድ» የሚል ያለበት መስመር ነው የጎደለው።

የዚያ ፋይል ስም ራሱ መነበብ አለበት፦ _ሳይኮፒጂ.ሲፓይተን-311-ኤክስ86_64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ.ኤስኦ። ለፓይተን 3.11፣ ለኢንቴል ዓይነት 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ለሊኑክስ ከጂሊብሲ (ከመሠረታዊው የሲ ላይብረሪ) ጋር ማለት ነው። በ3.12 ላይ ብታስቀምጡት፣ ወይም በአርም ሰርቨር ላይ፣ ፓይተን በዚህ ስም ያለውን ፋይል እንደሌለ ስለሚቆጥር «ኖ ሞጁል ኔምድ ሳይኮፒጂ2._ሳይኮፒጂ» ይላል። ነጥቡን ተከትሎ ያለውን ሰረዝ ልብ በሉ፤ ውጫዊው ፓኬጅ ተገኝቷል፣ ያልተገኘው በውስጡ ያለው ኮምፓይል የተደረገው ክፍል ነው። ማክ ላይ የተጫነን ፎልደር ዚፕ አድርጎ ወደ ላምዳ (የአማዞን ኮድ ማስኬጃ) መላክ ሁልጊዜ የሚያመጣው ስህተት ይኸው ነው። እዚያው ማክ ላይ ሆናችሁ ለሊኑክስ የተዘጋጀውን ማውረድ ትችላላችሁ፦ «ፒፕ ኢንስቶል --ፕላትፎርም ማኒሊኑክስ2014_ኤክስ86_64 --ፓይተን-ቨርዥን 3.11 --ኦንሊ-ባይነሪ=:ኦል: --ታርጌት ፓኬጅ ሳይኮፒጂ2-ባይነሪ»።

ባይነሪው የራሱን ሊብፒኪው ይዞ ስለሚመጣ ይህን ሁሉ ያስቀራል። አዘጋጆቹ ለልማትና ለሙከራ ይመክሩታል፤ ለፕሮዳክሽን ግን ከሶርስ መገንባትን ይመርጣሉ፣ ምክንያቱም የሲስተሙ ሊብፒኪውና ኤስኤስኤል የደኅንነት ማሻሻያ ሲያገኙ በባይነሪው ውስጥ የታሸገው አብሮ አይታደስም። ለትንሽ የውስጥ ስክሪፕት እኔ ባይነሪውን ያለ ማመንታት እጠቀማለሁ።

አፕል ሲሊከን ባላቸው ማኮች ላይ «ኢንኮምፓቲብል አርክቴክቸር፣ ሃቭ ኤክስ86_64፣ ኒድ አርም64» ካያችሁ ከፓይተኑና ከሞጁሉ አንደኛው በሮዜታ (ለኢንቴል የተሠራውን በሚያስኬደው የአፕል መሣሪያ) ሥር ተጭኗል ማለት ነው፤ ፕላትፎርም.ማሺን() ምን እንደሚል እዩና ቬንቩን በትክክለኛው ተርሚናል እንደ አዲስ ፍጠሩ። በዊንዶውስ «ዲኤልኤል ሎድ ፌይልድ» ሲመጣ ደግሞ ዲኤልኤሉ ያለበትን ፎልደር ፓዝ ላይ መጨመር አይበቃም፤ ከፓይተን 3.8 ጀምሮ የኤክስቴንሽን ሞጁሎች የሚፈልጓቸው ዲኤልኤሎች በፓዝ አይፈለጉም። ኦኤስ.አድ_ዲኤልኤል_ዳይሬክቶሪን ከኢምፖርቱ በፊት ጥሩ።

ኤስኪውላይት ላይ ደግሞ ኢምፖርት ያደረጋችሁት ኤስኪውላይት3 ሆኖ ስህተቱ ከፊቱ ሰረዝ ያለበትን _ኤስኪውላይት3 ይጠራል። ይህ ማለት ፓይተኑ ራሱ ከሶርስ ሲገነባ የኤስኪውላይት ሄደር ፋይል በማሽኑ ላይ አልነበረም። ግንባታው በዚህ ምክንያት አይቆምም፤ መጨረሻ አካባቢ ያልተገነቡ አማራጭ ሞጁሎችን ዘርዝሮ ያልፋል፣ ያንን ደግሞ የሚያነበው የለም። ሊብኤስኪውላይት3-ዴቭን፣ በሬድሃት ቤተሰብ ኤስኪውላይት-ዴቬልን ጫኑና ፓይተኑን እንደገና ገንቡ፤ በፓይኢንቭ (የፓይተን ስሪቶችን በሚጭነው መሣሪያ) ከሆነ ያንኑ ስሪት «ፓይኢንቭ ኢንስቶል» ብሎ ደግሞ ማስጫን ነው። የኤስኪውላይት3ን የትእዛዝ መሣሪያ ብቻ መጫን ምንም አይለውጥም።

ኢሜጅ የምትገነቡ ከሆነ በዶከርፋይሉ የመጨረሻ እርከን ላይ «ራን ፓይተን -ሲ "ኢምፖርት ሳይኮፒጂ2"» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። ላይብረሪው ከጎደለ ግንባታው እዚያው ይቆማል፣ ሰርቨሩ ላይ እስኪደርስ አይጠብቅም። ለፓይኦዲቢሲ ግን ይህ አይበቃም፤ ኢምፖርቱ ተሳክቶም የኤስኪውኤል ሰርቨር ድራይቨሩ ለብቻው ካልተጫነ የሚወድቀው ሲገናኝ ስለሆነ ፓይኦዲቢሲ.ድራይቨርስ() የሚመልሰው ዝርዝር ባዶ አለመሆኑንም አብራችሁ ፈትሹ።